ብናኝ የማይሰጥ ማሽላ፦ የወንዴ መካንነት፣ የክሎሮፕላስት ዘረመል እና የዲቃላ ዘር ብዜት

በአንድ የማሽላ ራስ ላይ ከ1000 በላይ ጥቃቅን አበቦች ይገኛሉ። ፍሬ የምታፈራው እያንዳንዷ አበባ የወንዴውንም የሴቴውንም ክፍል አንድ ላይ የያዘች በመሆኗ ማሽላ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ፍሬ ይይዛል። ይህ ተፈጥሮ የአርሶ አደሩን ዝርያ ሳይበረዝ ለማቆየት እጅግ ይጠቅማል፤ ዲቃላ ዘር ለማምረት ለሚሻ ግን ትልቅ መሰናክል ነው። በበቆሎ የወንዴው አበባ በአናቱ ላይ፣ ሴቴዋ ደግሞ በጎኑ ስለሚገኙ በእናትነት የተመረጠውን መስመር የወንዴ አበባ በእጅ ነቅሎ ማስወገድ ይቻላል፤ በአገራችን የታወቁት የባኮ ዲቃላ በቆሎዎች ዘር ሲባዛ የኖረውም በዚህ መንገድ ነው። የማሽላን ጥቃቅን አበቦች በሙሉ በእጅ ለማምከን ግን የትኛውም የሰው ኃይል አይበቃም። ስለዚህ በገበያ ላይ የሚገኘው ዲቃላ የማሽላ ዘር የተመሠረተው ከተፈጥሮው ብናኝ መስጠት በማይችል፣ ወንዴ መካን በሆነ ተክል ላይ ነው።

ይህ መካንነት ከየት ይመጣል? ከእናት ወደ ልጅስ እንዴት ይተላለፋል? በቅጠል ውስጥ የሚገኘው ክሎሮፕላስትስ በጉዳዩ ምን ድርሻ አለው? ጥያቄዎቹ የቤተ ሙከራ ብቻ አይደሉም፤ ዘር አባዢው በየማለዳው በማሳው ከሚያየው ነገር ጋር በቀጥታ የተሳሰሩ ናቸው።

የእናት ብቻ የሆነ ውርስ

በአንድ የዕፅዋት ህዋስ ውስጥ ዘረመል የተጻፈበት ስፍራ አንድ ብቻ አይደለም። ዋናው በኒውክለስ ውስጥ ያለው ነው፤ ከአባትና ከእናት እኩል ይወረሳል። ከእርሱ ሌላ ለህዋሱ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጀው ክሎሮፕላስትም እንዲሁ። ክሎሮፕላስት ፕላስቲድ ከሚባለው የአካላት ቤተሰብ አንዱ ነው። በሥር፣ በዘርና በአበባ ውስጥ የሚገኙ፣ አረንጓዴ ያልሆኑ ወንድሞቹ ያንኑ ዲኤንኤ ይዘው ስታርች ያከማቻሉ፣ ቅባት ያዘጋጃሉ። ማይቶኮንድሪያም ሆነ ፕላስቲድ በጥንት ዘመን ራሳቸውን ችለው ይኖሩ ከነበሩ ባክቴሪያዎች እንደመጡ ሳይንስ አረጋግጧል፤ የራሳቸው ዲኤንኤ ያላቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የማሽላ ክሎሮፕላስት ዲኤንኤ 140 ሺህ ያህል የፊደል ጥንዶች አሉት፤ ከኒውክለሱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። በጠቅላላው በዕፅዋት ክሎሮፕላስት ውስጥ ከ100 እስከ 130 የሚደርሱ ዘረመሎች ይገኛሉ። ዲኤንኤው የተረጋጋ ነው፤ ለውጡም አዝጋሚ ነው። የማይቶኮንድሪያው ግን በመጠኑ የሚበልጥና ራሱን እየቆራረጠ በአዲስ ቅደም ተከተል የሚገጣጥም፣ እረፍት የለሽ ነው። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ለምናነሣው ጉዳይ ቁልፍ ነው።

በማሽላ፣ በበቆሎ፣ በሽንኩርትና በአብዛኞቹ ሰብሎች ሁለቱም አካላት የሚወረሱት ከእናት ብቻ ነው። የአባት ብናኝ ወደ እንቁላሉ ህዋስ የሚያደርሰው የኒውክለሱን ዘረመል ነው፤ ሳይቶፕላዝሙን፣ ማለትም ኒውክለሱን ከቦ የሚገኘውንና እነዚህን አካላት የያዘውን የህዋስ ክፍል፣ አያወርስም። ስለዚህ አንድ ባሕርይ ከእናት ወደ ልጆች ሁሉ ከተላለፈና አባት ቢለዋወጥም ከቀጠለ፣ ምንጩን በሳይቶፕላዝም ውስጥ መፈለግ ተገቢ ነው።

በማሽላ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። እስቴፈንስና ሆላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ቴክሳስ ሚሎ ከሚባለው የማሽላ ዓይነት የተገኘ ሳይቶፕላዝም ካፊር ከተባለው ዓይነት ኒውክለስ ጋር ሲገናኝ ተክሉ ብናኝ አልባ እንደሚሆን ገለጹ። ሁለቱም ወገኖች ለየብቻቸው ጤነኞች ናቸው፤ ችግሩ የተፈጠረው ባልተላመዱ ጎረቤቶች መካከል ነው። ዛሬ ኤ-1 የሚባለው ሳይቶፕላዝም ይኸው ነው።

በዚህ ላይ የተመሠረተው የዘር ብዜት ሦስት መስመሮችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው መካኑ መስመር ነው፤ እናት የሚሆነው እርሱ ነው። ሁለተኛው ጠባቂው ነው፤ በኒውክለሱ ከመካኑ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳይቶፕላዝሙ ግን ጤነኛ ስለሆነ ብናኝ ይሰጣል፤ መካኑን ዘር በመካንነቱ እንደጸና የሚያባዛውም እርሱ ነው። ሦስተኛው መላሹ ነው፤ በኒውክለሱ ውስጥ መካንነቱን የሚሽር ዘረመል ይዟል። መካኗ እናት ከመላሹ አባት ጋር ስትዳቀል የሚገኘው ዲቃላ ብናኝ የሚሰጥና በአርሶ አደሩ ማሳ ፍሬ የሚያፈራ ይሆናል። ልብ ሊባል የሚገባው ዲቃላው የእናቱን ሳይቶፕላዝም እንደያዘ መቆየቱ ነው። መካን የሚያደርገው መልእክት አልጠፋም፤ ድምፁ ብቻ ታፍኗል።

መካን የሚያደርገው የቱ ነው?

በበርካታ ሰብሎች የተደረገው ምርምር ተጠያቂውን በማይቶኮንድሪያ ውስጥ አግኝቶታል። እረፍት የለሹ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ራሱን ሲቆራርጥና ሲገጣጥም፣ አልፎ አልፎ ከተለያዩ ዘረመሎች ቁራጭ የተሰፋ እንግዳ ዘረመል ይፈጠራል። በበቆሎ ቴክሳስ በሚባለው ሳይቶፕላዝም ውስጥ ቲ-ኡርፍ 13 የተባለ እንዲህ ያለ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ1986 ተለይቷል። ከእርሱ የሚመረተው ትንሽ ፕሮቲን በማይቶኮንድሪያው ሽፋን ላይ ይቀመጣል። ቅጠሉና ሥሩ ይህን ሸክም ይችሉታል። በአበባው የብናኝ ከረጢት ውስጥ የሚገኘውና ለብናኙ ምግብ የሚያቀርበው የህዋሳት ንጣፍ ግን ከፍተኛ ኃይል ስለሚጠይቅ ቀድሞ ይወድቃል፤ ብናኙም ሳይበስል ይሞታል።

መላሾቹ የኒውክለስ ዘረመሎች ብዙውን ጊዜ አንድ ሰፊ የፕሮቲን ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ። የእነዚህ ፕሮቲኖች ሥራ በማይቶኮንድሪያና በክሎሮፕላስት ውስጥ አርኤንኤ የሚባለውን የዘረመል ቅጂ መቁረጥ፣ ማረምና ማስወገድ ነው። መላሹ የጎጂውን ዘረመል ቅጂ ይዞ ወደ ፕሮቲን እንዳይለወጥ ያደርገዋል። አንድ ዘረመል በተክሉ ውስጥ መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም፤ የት፣ መቼና በምን ያህል መጠን መነበቡ ወሳኝ ነው።

ታዲያ ክሎሮፕላስት ለምን ተጠረጠረ? ምክንያቱ እርሱም በዚያው በእናት መንገድ መጓዙ ነው። መካንነት ከእናት በተወረሰበት ሁሉ የእናት ክሎሮፕላስትም አብሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የመካን ማሽላን ክሎሮፕላስት የመረመሩ ሳይንቲስቶች 165 የፊደል ጥንዶች የጎደሉበት ስፍራ አገኙ። ጉድለቱ የሚገኘው አር-ፒ-ኦ-ሲ-2 በተባለው ዘረመል ውስጥ ነው። ይህ ዘረመል ክሎሮፕላስት የራሱን ዘረመሎች የሚያነብበት መሣሪያ አንድ ክፍል ስለሆነ ግኝቱ ቀላል አልነበረም፤ 55 አሚኖ አሲዶች የጎደሉት የንባብ መሣሪያ በአበባው ውስጥ ሥራውን በአግባቡ ላይሠራ ይችላል ተብሎ ታሰበ።

ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ይሁንና ሁለት ነገሮች ይፈታተኑታል። አንደኛ፣ ጉድለቱ የብናኝ ከረጢታቸው ትንሽና የጫጨ በሆነው በኤ-1፣ በኤ-2፣ በኤ-5 እና በኤ-6 ሳይቶፕላዝሞች ሲገኝ፣ ከረጢታቸው ትልቅ በሆነው በኤ-3 እና በኤ-4 ውስጥ የለም፤ እነዚህም ግን መካኖች ናቸው። ስለዚህ ጉድለቱ ለመካንነት የግድ አስፈላጊ አይደለም። ሁለተኛ፣ መላሹ አባት ሲገባ ዲቃላው ብናኝ ይሰጣል፤ ከእናት የመጣው የክሎሮፕላስት ጉድለት ግን በዚያው በዲቃላው ውስጥ እንዳለ ነው። ጉድለቱ ብቻውን መካን የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ዲቃላው ፍሬ ባልያዘ ነበር። የቀረው ማብራሪያ ጉድለቱ የአንድ የእናት ዘር ሐረግ ምልክት ሆኖ ከእውነተኛው መንስኤ ጋር አብሮ መጓዙ፣ ወይም ከፍ ሲል አጋዥ መሆኑ ነው። ከወንጀለኛው ጋር በአንድ መኪና የተሳፈረ ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም።

የተሻለው ፈተና ከሌላ ሰብል መጣ። እ.ኤ.አ. በ1968 ኦጉራ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ ወንዴ መካን የሆነ ራዲሽ ማግኘታቸውን ገለጹ። የራዲሹ ሳይቶፕላዝም በፈረንሳይ ወደ ጎመን ወገን ሰብሎች ተዛወረ። የተገኙት ተክሎች እንደታሰበው ብናኝ አልባ ሆኑ፤ ነገር ግን ቅዝቃዜ ሲያገኛቸው ቅጠላቸው ቢጫ ይሆን ነበር። ከዚያ ሳይንቲስቶቹ የሁለቱን ተክሎች ህዋሳት ግድግዳቸውን ገፍፈው በማዋሐድ፣ የራዲሽ ማይቶኮንድሪያ ዘረመል ያለባቸው የጎመን ክሎሮፕላስት ግን የተመለሰላቸው ተክሎችን አወጡ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1983 ታተመ። ቢጫነቱ ጠፋ፤ መካንነቱ ግን ቀረ። በአንድ ሙከራ ሁለቱ ተጠርጣሪዎች ተለያዩ፦ መካንነቱ የማይቶኮንድሪያው፣ ቢጫነቱ ደግሞ ከባዕድ ኒውክለስ ጋር መግባባት ያቃተው ክሎሮፕላስት ሥራ ነበር። በዚህ ጸሐፊ ግምት በመስኩ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ይህን ያህል ጥርት ያለ መልስ የሰጠ ጥቂት ነው።

ይህ ማለት ግን ክሎሮፕላስት በአበባው ጉዳይ አያገባውም ማለት አይደለም። የብናኙ ቅባታማ ሽፋንና በውስጡ የሚከማቸው ስታርች በፕላስቲድ ውስጥ የሚዘጋጁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ ከባክቴሪያ የተወሰደ አንድ ዘረመል በትምባሆ ክሎሮፕላስት ውስጥ እንዲነበብ ሲደረግ ተክሎቹ ወንዴ መካን ሆኑ። አዲሱ ፕሮቲን ለቅባት መሥሪያ የሚውለውን ጥሬ ዕቃ ወደ ሌላ መንገድ የሚወስድ ነበር። ተክሎቹ ለተከታታይ ቀናት ያለማቋረጥ ብርሃን ሲያገኙ ብናኝ መስጠት ጀመሩ። ስለዚህ በፕላስቲድ የሚመጣ መካንነት በሰው እጅ ሊፈጠር እንደሚችል ታይቷል፤ ተፈጥሮ በማሽላና በበቆሎ የመረጠችው መንገድ ግን ሌላ ነው።

የዘረመል ንባብን የሚመለከቱ ጥናቶችን ለሚያነብ ባለሙያ አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ቦታ አለው። በመካን አበባ ውስጥ የአንድ ክሎሮፕላስት ዘረመል ንባብ ቀንሶ ሲገኝ፣ ቅነሳው መካንነቱን ያመጣ ነው ብሎ መደምደም ያስቸግራል፤ በመሞት ላይ ያለ ህዋስ ብዙ ዘረመሎቹን ማንበብ ያቆማል። መካኑና ጠባቂው መነጻጸር ያለባቸው ህዋሱ መበላሸት ከመጀመሩ በፊት፣ በአንድ ዓይነት የእድገት ደረጃ ላይ ሆነው ነው። ክሎሮፕላስት የሚፈልጋቸውን ከ2000 በላይ ፕሮቲኖች ከኒውክለስ የሚቀበል በመሆኑም፣ በውስጡ የታየ ለውጥ ሁሉ ምንጩ የራሱ ዲኤንኤ ላይሆን ይችላል።

ክሎሮፕላስት እንደ መታወቂያ

መንስኤ ያልሆነው ነገር ለመታወቂያነት ግን እጅግ ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። ሽንኩርት ጥሩ ምሳሌ ነው። የሽንኩርት ወንዴ መካን ተክል እ.ኤ.አ. በ1925 በካሊፎርኒያ ተገኝቶ ለዓለም የዲቃላ ሽንኩርት ዘር መነሻ ሆኗል። በአገራችን የታወቁት አዳማ ሬድና ቦምቤ ሬድ በነፃ የሚዳቀሉ ዝርያዎች ናቸው። ከእንዲህ ዓይነት ዝርያ ውስጥ ጠባቂ መስመር ለማውጣት የሚፈልግ አዳቃይ እያንዳንዱን ተክል ከመካን ጋር አዳቅሎ የልጆቹን አበባ መጠበቅ ነበረበት፤ ሽንኩርት ከዘር እስከ ዘር ሁለት ወቅት ስለሚፈልግ ሥራው ዓመታት ይፈጃል።

ጤነኛውና መካን የሚያደርገው የሽንኩርት ሳይቶፕላዝም በክሎሮፕላስት ዲኤንኤያቸውም በጥቂት ስፍራዎች ይለያያሉ። የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ የተረጋጋ ስለሆነ ምልክቱ አይዋዥቅም፤ ሁለቱ አካላት በእናት በኩል አብረው ስለሚጓዙም የአንዱ ምልክት የሌላውን ማንነት ይናገራል። በዚህ ምክንያት ከችግኝ ቅጠል ላይ በተወሰደ ጥቂት ናሙና፣ አበባ ሳይጠበቅ፣ የሳይቶፕላዝሙ ዓይነት ይታወቃል። የማሽላው የ165 ፊደል ጉድለትም የኤ-1ን ሳይቶፕላዝም ከኤ-3 ለመለየት በተመሳሳይ መንገድ ሊያገለግል ይችላል። መላሹ ዘረመል በኒውክለስ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ግን ይህ ምርመራ አይነግረንም፤ ለዚያ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

አንድ ሳይቶፕላዝም ላይ መደገፍ

እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ ከተዘራው ዲቃላ በቆሎ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የቴክሳስ ሳይቶፕላዝም ነበረው። አባቶቹ ብዙ፣ የዲቃላዎቹ ስምም ብዙ ነበር፤ እናቲቱ ግን አንዲት ነበረች። በዚያ ዓመት ይህንን ሳይቶፕላዝም የሚያጠቃ የቅጠል አድርቅ ፈንገስ ተነሣና ከአገሪቱ የበቆሎ ምርት 15 በመቶ ያህሉን አወደመ፤ ጉዳቱ አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቷል። በኋላ እንደታወቀው ፈንገሱ የሚያመነጨው መርዝ የሚያያዘው መካንነቱን በሚያመጣው በዚያው ፕሮቲን ላይ ነው፤ መርዙ ሲያያዝበት የማይቶኮንድሪያው ሽፋን ይበሳል። ለዘር አባዢው የጠቀመው ባሕርይና በሽታውን የጋበዘው ባሕርይ አንድ ነበሩ። ቴክሳስ ሳይቶፕላዝም በበሽታው እንደሚጠቃ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ከፊሊፒንስ ተዘግቦ ነበር፤ የሰማ ጥቂት ነው።

ማሽላ እስካሁን እንዲህ ያለ ጥፋት አልደረሰበትም። ነገር ግን የዓለም ዲቃላ ማሽላ በአብዛኛው የሚቆመው በዚያው በኤ-1 ላይ ነው። በአፍሪካ የመጀመሪያው የንግድ ዲቃላ ማሽላ የሆነውና በትውልደ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት በፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1983 በሱዳን የተለቀቀው ሃጊን ዱራ-1 እናቱ ከቴክሳስ የመጣች መካን መስመር ነበረች። ፕሮፌሰሩ ለዚህና አቀንጭራን ለሚቋቋሙ ዝርያዎች ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። በአገራችንም በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የሚመራው የማሽላ ምርምር ዲቃላ ዝርያዎችን ለቋል።

ኢትዮጵያ የማሽላ ብዝኃነት ዋና ምድር ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት። አንድ ነጥብ ግን በቀላሉ ይዘነጋል። የአርሶ አደሩ ዝርያ በዲቃላ ሥራ ውስጥ በአባትነት ብቻ ከገባ፣ የሚያበረክተው የኒውክለሱን ዘረመል ነው፤ ክሎሮፕላስቱና ማይቶኮንድሪያው በዚያው ይቀራሉ። አባቶችን ማብዛት የሳይቶፕላዝምን ብዝኃነት በአንዲት ፊደል እንኳ አይጨምርም። ብዝኃነቱ ጥቅም ላይ እንዲውል አገር በቀል ዝርያዎች በእናትነት ተፈትነው፣ የክሎሮፕላስትና የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤያቸው ተነብቦ መታወቅ አለበት። በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዘር ባንክ የተቀመጠው የማሽላ ናሙና ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ሀብት ነው።

በማሳ ላይ

መካኑና ጠባቂው መስመር በቁመታቸው፣ በቅጠላቸውና በራሳቸው ቅርጽ አይለያዩም፤ የሚለያቸው የብናኝ ከረጢቱ ብቻ ነው። በኤ-1 ሳይቶፕላዝም መካን በሆነው ተክል ከረጢቱ የጫጨና የገረጣ ሲሆን በጣት ሲነካ ምንም አያራግፍም፤ በጠባቂው ወፍራምና ቢጫ ሆኖ ዱቄት መሰል ብናኝ ይተዋል። የማሽላ አበባ የሚፈካው ከሌሊቱ መገባደጃ እስከ ማለዳ ስለሆነ፣ በእናት ረድፎች ውስጥ ተቀላቅሎ የገባ ብናኝ ሰጪ ተክል የሚለየው በማለዳ ጉብኝት ነው። ረፋድ ላይ ማሳ የሚገባ ሠራተኛ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ይደርሳል። ማበብ ከጀመረበት ቀን እስኪጨርስ ድረስ በየቀኑ እየተመላለሱ እንዲህ ያለውን ተክል ከሥሩ ነቅሎ ከማሳው ማውጣት ያስፈልጋል። ብርቱ ሙቀት በአንዳንድ መካን መስመሮች መካንነቱን ሊያላላ ስለሚችል፣ በቆላ የሚያባዙ አምራቾች ትናንት ንጹሕ የነበረውን ረድፍ ዛሬም መመልከት ይገባቸዋል።

የእናትና የአባት መስመሮች በአንድ ሰሞን እንዲያብቡ የመዝሪያ ቀናቸው መስተካከል አለበት። ይህ የሚደረገው ለፍሬ ብዛት ብቻ አይደለም። ብናኝ ሳያርፍበት የቆየ የመካን ተክል አበባ ኤርጎት ለተባለው የፈንገስ በሽታ የተጋለጠ ነው፤ አበባዋ በጊዜ ካልጸነሰች ፈንገሱ ቦታዋን ይይዛል፤ ከራሱ ላይም ማር መሰል ተለጣፊ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። በሽታው የሚበረታው ማሽላው በሚያብብበት ወቅት አየሩ ሲቀዘቅዝና ሲረጥብ ነው።

ዲቃላ ማሽላ ዘርቶ ጥሩ ምርት ያገኘ አርሶ አደር ከዚያው ምርት ለቀጣዩ ዓመት ዘር ልያዝ ቢል የሚገጥመው በዚህ ሁሉ ሊገባ ይችላል። የዲቃላው ሳይቶፕላዝም እንደ እናቱ መካን አድራጊ ነው፤ መላሹን ዘረመል ደግሞ ከአባቱ ብቻ ወርሷል። መላሹ አንድ ዘረመል ከሆነ በሁለተኛው ትውልድ ከአራት ተክሎች አንዱ ያለ እርሱ ይበቅላል። ብናኝ አይኖረውም፤ ፍሬ የሚይዘው የጎረቤት ተክል ብናኝ በነፋስ ከደረሰለት ብቻ ነው። የተቀሩት ሦስቱም በቁመት፣ በመድረሻ ጊዜና በምርት አይመሳሰሉም። ዘሩን በየዓመቱ ከአባዢው መግዛት ለማይመቸው አርሶ አደር፣ በራሱ ብናኝ ፍሬ የሚይዝ የተሻሻለ ዝርያ ወይም የአካባቢው ዝርያ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ከሁለቱም ለዘር የሚሆነውን ራስ ገና በማሳው ላይ እያለ መርጦ ለብቻ ማስቀመጥ ይቻላል።